ለቅይጥ ዕድሜ ክፍል ዕውቅና የጠየቅንበት መንገድ
በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት በአንድ ክፍል የሚያስተምር አነስተኛ የሞንቴሶሪ መዋዕለ ሕፃናት እመራለሁ፤ ሞንቴሶሪ ሕፃናት ራሳቸው የመረጡትን ሥራ በሚዳሰሱ መሣሪያዎች እየሠሩ የሚማሩበት ዘዴ ነው። የፈቃድ እድሳት መገምገሚያው ቅጽ ክፍሎችን በዕድሜ ለይቶ ስለሚቆጥር፣ ተቆጣጣሪዎች በመጡ ቁጥር አደረጃጀታችን እንደ ጉድለት ይመዘገብብን ነበር።

ከሌሎች ጥቂት ኃላፊዎች ጋር ከተመካከርን በኋላ «ሞንቴሶሪ ይታወቅልን» የሚለውን ጥቅል አቤቱታ ትተን፣ ቅይጥ ክፍል ከሥርዓተ ትምህርቱ የሚጠበቀውን ውጤት እስካስገኘ ድረስ በጉድለት እንዳይያዝ ብቻ ጠየቅን። ፈቃዱን የሚገመግሙት ባለሙያዎች ተጠራጠሩ፤ አልፈረድኩባቸውም። ስሙ የማንም ብቸኛ ንብረት ስላልሆነ በበሩ ላይ «ሞንቴሶሪ» ብሎ ጽፎ ሕፃናትን ቀኑን ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ የሚያስገለብጥ ሞልቷል።

ስለዚህ አሠራራችንን በሰንጠረዥ አቀረብን። ፊደል መለየት ከሚለው ውጤት ትይዩ፣ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጠው በሳንቃ ላይ የተለጠፉ ፊደላትን በጣት እየተከተሉ ማጥናትን አሰፈርን (231ዱንም መቁረጥ ለአናጺው አበሳ ስለሆነ ከግዕዙ ረድፍ ነበር የጀመርነው)። ከቁጥር ትይዩ ደግሞ አንድን፣ አሥርን፣ መቶንና ሺን በዶቃ መገንባትን ጻፍን።

የ2015 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት ሲመድብ የእኛ ዑደት ሦስት ዓመት ነው። ይህን ልዩነት ሳንጠየቅ አነሳነው፤ ክፍሉ አንድ ቢሆንም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት መዝገብ ለይተን እንደምንይዝ ማሳየታችን ከማናቸውም ማብራሪያ በላይ አግባባን። «ይህ የሀብታም ልጆች ትምህርት ነው» ለሚለው ደግሞ፣ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት በሮም የከፈተችው ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሃ ሠራተኞች ሰፈር መሆኑን አስረዳን።

ለሩብ ሰዓት ብቅ የሚል እንግዳ ትርምስ መስሎ ስለሚታየው፣ ባለሙያዎቹ የሦስት ሰዓቱን የጠዋት ሥራ በሙሉ እንዲከታተሉ ጋበዝን። አንደኛው ገና እንደገቡ «መምህርቷ የት ናቸው?» አሉ፤ እሷ ምንጣፍ ላይ ከአንዲት ሕፃን አጠገብ ተንበርክካ ነበር።

በመጨረሻ ያገኘነው አደረጃጀቱ ከውጤቱ ጋር ተያይዞ እንዲመዘን የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው፤ መመሪያው ራሱ አልተሻሻለም። በሞንቴሶሪ ለሠለጠነች መምህርትም በቅጹ ላይ የተለየ ቦታ ስለሌላት፣ አሁን የምናዘጋጀው ማመልከቻ የመምህራንን ሥልጠና ዕውቅና ይመለከታል።