የእጅ ዋጋው ከዕቃው ሲበልጥ

በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የሞተር ሳይክል መሸጫና ጥገና ድርጅት ውስጥ ሥራዬ በደንበኛውና በመካኒኩ መካከል ቆሜ የሥራ ትእዛዝ መጻፍና የዋጋ ግምት ማዘጋጀት ሲሆን፣ ዘወትር የሚቀርብልኝ ቅሬታ ስለ ዕቃ ሳይሆን ስለ እጅ ዋጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ባለንብረቱን የሚያስጨንቀው መለዋወጫው ነው፤ ሶማሌ ተራ ገብቶ ዕቃውን ካገኘ በኋላ የእጁን ነገር ከመካኒኩ ጋር ተከራክሮ ይጨርሰዋል። እዚህ ግን ዕቃው በኢንተርኔት ታዝዞ በቅናሽ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ፣ የሚገጥመው ሰው ሰዓት ከዕቃው በላይ ያወጣል፤ በአገር ቤት ልማድ ለሚያየው ደግሞ ይህ ዘረፋ እንጂ ዋጋ አይመስልም።

ባለፈው መጋቢት አንድ ወገናችን፣ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ከባድ የጉዞ ሞተር ሳይክል የገዙ ሰው፣ ከፍ ያለ መሪ ከነሽቦ ማስረዘሚያውና ከነፍሬን ቱቦው በ620 ዶላር ገዝተው ይዘው መጡ። የፋብሪካው መሪ እጃቸውን ወደ ፊት እየሳበ ትከሻቸውን ያማቸው ነበር። በዚያው የፊት መከለያው ስፒከሮችና የፊት መብራቱ እንዲቀየሩላቸው ፈለጉ። ግምቱን የጻፈላቸው ሌላ ባልደረባዬ ነበር፤ ለመሪው 6 ሰዓት፣ ለስፒከሮቹ 2.5 ሰዓት፣ ለመብራቱ ግማሽ ሰዓት፣ በሰዓት 150 ዶላር ሒሳብ በድምሩ 1,350 ዶላር። በማግሥቱ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው፣ «አንተ ልጅ፣ አራት ብሎን ፈትቶ አራት ብሎን ለማሰር ነው ይህ ሁሉ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ብሎኑ ብቻ ቢሆንማ እኔው በነጻ አስርልዎት ነበር፤ ይምጡና ይዩት» አልኋቸው።

ደንበኛ ወደ ጋራዡ እንዲገባ ኢንሹራንሱ ስለማይፈቅድ በመስተዋቱ በኩል አሳየኋቸው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራለት ሌላ ሞተር ሳይክል ማንሻው ላይ ተገነጣጥሎ ቆሞ ነበር። መሪውን የያዙት ብሎኖች በርግጥ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ሥራው እንዲሠራ የፊት መከለያው መነሣት፣ ወንበሩና የነዳጅ ታንኩም መውረድ አለባቸው። በእንዲህ ዓይነቱ አዲስ ሞተር ሳይክል ላይ ነዳጅ መስጫው በካቦ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚሠራ፣ የእሱና የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ሽቦዎች በመሪው ቧንቧ ውስጥ ያልፋሉ፤ ስለዚህ መሰኪያዎቹ ከጫፋቸው ተነቅለው፣ ሽቦዎቹ በጥንቃቄ ተስበው፣ ሲያጥሩም ተቀጥለው መግባት ይኖርባቸዋል። የፍሬን ቱቦው በረጅም ሲተካ ውስጡ የገባው አየር መውጣት አለበት፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ባለው ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያለ መመርመሪያ ኮምፒውተር በደንብ አይሆንም። ይህ ሁሉ ሲደረግ የፍሬን ዘይት ቀለሙ ላይ ጠብ ብሎ ሳይጠረግ ከቆየ ቀለሙን ይበላዋል።

መካኒኩም በዚህ ሥራ የሚከፈለው በፈጀበት ሰዓት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ በሚዘረዝር መጽሐፍ በተመደበው ሰዓት ነው፤ 6 የተባለውን በ4 ቢጨርስ የ6 ያገኛል፣ 8 ቢፈጅበትም ያው የ6 ነው። ከ150 ዶላሩ ደግሞ ለእሱ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ሲሆን፣ የተቀረው ለቤት ኪራይ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለመመርመሪያ ኮምፒውተሩ ክፍያና እንደኔ ላለው የጠረጴዛ ሠራተኛ ደመወዝ ይሄዳል፤ የእጅ መሣሪያዎቹን እንኳ መካኒኩ የሚገዛው ከኪሱ ነው። የማሻሻያ ሥራ ከመደበኛው ጥገና የሚከብድበት ተጨማሪ ምክንያትም አለ። የመጽሐፉ ሰዓት የተሰላው ለፋብሪካው ዕቃ ስለሆነ፣ ደንበኛው ከሌላ ቦታ ያመጣው ቱቦ በሦስት ጣት ቢያጥር ሞተር ሳይክሉ ማንሻው ላይ ተገትሮ ሌላ ዕቃ ይጠብቃል፤ ያን ኪሳራ ፈርቶ ግምቱን ከፍ የማያደርግ ድርጅት እስካሁን አላየሁም።

ጋሼ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «ስፒከሩ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ።

«መከለያው ውስጥ።»

«መከለያው ለመሪው ከተነሣ፣ ለስፒከሩ ስንተኛ ጊዜ ሊነሣ ነው? እኔ ሁለት ሰው ከአንድ ቤት አንሥቼ አየር ማረፊያ ሳደርስ ሜትሩን ሁለት ጊዜ አላስቆጥርም ነበር።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ሊኖረኝም አይገባም ነበር። ለእያንዳንዱ ሥራ የተመደበው ሰዓት ሞተር ሳይክሉ ምንም ሳይፈታ እንደገባ ቆጥሮ መፍታቱንም መግጠሙንም ያካትታል፤ ሦስት ሥራ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ሦስቱን ይደምራል እንጂ፣ ግምቱን የሚጽፈው ሰው ካልቀነሰ በቀር የተደራረበውን ማንም አይቀንስም። ስለ እጅ ዋጋ ከሚሰማው እሮሮ አብዛኛው በእኔ አስተያየት ያለ ቦታው የሚሰነዘር ቢሆንም፣ ይህኛው ግን ያልተሠራ ሥራ ማስከፈል ስለሆነ መከላከል አይቻልም።

በዚህ መካከል ከሽያጭ ክፍል አንድ ባልደረባችን፣ ሰውየው ሊሄዱ ነው ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም፣ «ሌላ ጋራዥ ካሠሩት ዋስትናዎ ይፈርሳል» ብሎ ጣልቃ ገባ። ይህ በየመሸጫው የሚነገር ነገር ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ማግነሰን-ሞስ የተባለው የፌዴራል የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ በነጻ ካላቀረበው በቀር፣ «ዋስትናህ እንዲጸና የእኔን ዕቃ ወይም የእኔን ጋራዥ ብቻ ተጠቀም» እንዲል በጥቅሉ አይፈቅድለትም። ከፍ ያለ መሪ ስለተገጠመ ብቻ የፒስተን ዋስትና አይቀርም፤ ሽቦው በመጥፎ ተቀጥሎ የሞተር ሳይክሉን ኮምፒውተር ካቃጠለው ግን ለዚያ ጉዳት አምራቹ አልከፍልም ሊል ይችላል። ይህንኑ ለጋሼ በአማርኛ ነገርኋቸው፤ ባልደረባችን ምን እንዳልሁ ባይገባውም ፊታቸው ሲፈታ አይቶ ዘወር አለ። የሰዓት ክፍያው ዝቅ ያለ የግል ጋራዥ ለማርሚታና ለጎማ ይበጃቸው እንደሆነ፣ መስተዋትና ወንበርን የመሰለውንም ራሳቸው መቀየር እንደሚችሉ ጨመርሁላቸው። ሽቦና ኤቢኤስ ያለበትን ሥራ ግን መመርመሪያውና ልምዱ ካለበት ቦታ እንዳያርቁት መከርኋቸው።

ከዚያ የሥራ ትእዛዙን ይዤ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ገባሁ። እሱም መካኒኩን ጠርቶ የተደራረበው 1.5 ሰዓት እንዲነሣ ተስማሙ፤ መካኒኩ ፊቱን ማጥቆሩን መደበቅ አይቻልም፣ የተነሣው ሰዓት ከእሱም ገቢ ላይ ነውና። ግምቱ ወደ 1,125 ዶላር ወረደ።

ወረቀቱን ከማስፈረሜ በፊት፣ «ጋሼ፣ ይህ አንዴ ከተከፈተ አብሮ የሚገባ ሌላ ነገር ያስባሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና የኅዳር ጠዋት እጃቸውን እንደሚያደነዝዘው ነገሩኝ። የሚሞቅ መጨበጫ ለብቻው ሲገጠም 1.2 ሰዓት፣ ማለትም 180 ዶላር ነው፤ መሪው ተፈትቶ ሽቦው ሲሳብ አብሮ ከገባ ግን መካኒኩ 20 ደቂቃ እንኳ እንደማይሞላ ስለነገረኝ 0.3 ሰዓት፣ 45 ዶላር ጻፍሁ። የእጅ ዋጋው መጨበጫውን ጨምሮ 1,170 ዶላር ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡት፤ ፈረሙና፣ «አሮጌውን መሪ እንዳትጥሉብኝ፤ ሞተሩን ስሸጠው እፈልገዋለሁ» አሉኝ።