ጭቃ ላይ የቆመው የካንሳይ ደሴት

ከጃፓኗ ኦሳካ ከተማ የተነሣው ባቡር ወደ ካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያሻግረውን ድልድይ ሲይዝ፣ ባሕሩ በብረቶቹ መካከል ብቅ ጥልቅ ይልብኝ ጀመር። መኪና በላይ፣ ባቡር በታች የሚያልፍበት ይህ ድልድይ 3.75 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከማዶ የሚጠብቀን ምድር ግን ሥራው በ1987 እ.ኤ.አ. ሲጀመር 18 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ባሕር ነበር። የቀድሞው ማረፊያ በመኖሪያ ቤቶች በመከበቡና የአውሮፕላኑ ድምፅ ነዋሪውን ዕረፍት በመንሣቱ፣ ጃፓኖች ተራራ ንደው አፈሩን በመርከብ እያጋዙ ባሕር ላይ ደሴት ሠሩ።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ከሙሌቱ በታች ያለው ጭቃ ነው። የባሕሩ ወለል 20 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ውኃ የጠገበ ሸክላ አፈር በመሆኑ፣ መሐንዲሶቹ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የአሸዋ ምሰሶዎች ሰደዱበት፤ ሙሌቱ ሲጫነው ሸክላው የያዘው ውኃ ተጨምቆ በአሸዋው በኩል ይወጣል፣ መሬቱም ቶሎ ይጠጥራል። ከዚያ በታች ያሉትን ጥልቅ የሸክላ ንብርብሮች ግን እንዲህ ማከም ስላልተቻለ፣ ደሴቱ ዛሬም በዓመት በሴንቲ ሜትሮች ይሰምጣል።

መረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ግድግዳን ክፉኛ የሚሰነጥቀው አንዱ ማዕዘን ከሌላው ተለይቶ ሲንቀሳቀስ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ የነደፈውና 1.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ተርሚናል የተዘጋጀው ለዚሁ ነው፤ አንዱ ምሰሶ ከጎረቤቱ ዝቅ ካለ በክሪክ ይነሣና ከሥሩ የብረት ሳህን ይገባለታል። ክሪኮቹ ምድር ቤት ስላሉ ለመንገደኛ አይታዩም። እኔም አንዱ ምሰሶ ሥር ጎንበስ ብዬ የወለሉን መጋጠሚያ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ስንጥቅ አላገኘሁበትም። መሬቱ እንደሚሰምጥ አምነው፣ አብሮት የሚስተካከል ሕንፃ ማቆማቸውን ከሥራቸው ሁሉ አብልጬ አደንቃለሁ።

ባሕሩ ግን በዚህ አይመለስም። መስከረም 4 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ማረፊያው በተከፈተ ልክ በ24ኛ ዓመቱ፣ ጄቢ የተባለው አውሎ ነፋስ ማዕበሉን ደሴቱን በከበበው ግንብ ላይ አሻግሮ መንደርደሪያውን አጥለቀለቀው፤ አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብም ድልድዩን ገጭቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደሴቱ ላይ አደሩ። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ከፍ እንዲል ተደርጓል።

ከመመልከቻው ሰገነት ላይ ሆኜ በ2007 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን ሁለተኛውን መንደርደሪያ አየሁት። ያረፈበት ሁለተኛ ደሴት ይበልጥ ጥልቅ በሆነ ውኃ ላይ የተሞላ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይሰምጣል።