ለዓውደ ርእይ ያሳተምናቸው ፎቶዎች ለምን ጠቆሩ?

ይህን የምጽፈው የፎቶ ክበብ ላላችሁና የመጀመሪያ ዓውደ ርእያችሁን ለማዘጋጀት ለምታስቡ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ወረቀትና ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ክበቡን ማስኬድ ራሱ ከባድ አይደለም። በየወሩ አንድ ርዕስ ይመረጣል፣ ሁሉም ያነሳል፣ ከዚያ ተሰብስቦ ማየት ነው። ርዕሱ ጠበብ ቢል ይሻላል። «ተፈጥሮ» ካላችሁ ሁሉም ስልኩ ውስጥ የከረመ አበባ ይዞ ይመጣል። «የመስኮት ብርሃን» ካላችሁ ግን ካሜራውን ያነሳል። በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነ ፎቶውን በፋይል መልክ ላኩት፤ አለዚያ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ኤዲት ለመማማር ደግሞ አንድ የሮው ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ለሁሉም ስጡና እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሥራው። እኔን ከቪዲዮ ሁሉ በላይ ያስተማረኝ ይሄ ነው። ባለ 14 ቢት ሮው ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 የብርሃን ደረጃ ይይዛል፤ ጄፔግ፣ ማለትም ተጨምቆ የሚቀመጠው የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ 256 ብቻ። ጥላ ውስጥ ያለውን ነገር ወደ ብርሃን ለማውጣት ስትሞክሩ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ጣጣው የመጣው ስናሳትም ነው።

ርዕሳችን «ጥላ» ነበር። ከተመረጡት አንዱ በር ላይ የተቀመጠች ልጅ ፎቶ ነው። ግማሽ ፊቷ ፀሐይ ላይ፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ። ጥላው ውስጥ ባለው ዓይኗ ላይ ትንሽ የብርሃን ነጥብ አለች። የፎቶው ነፍስ ያቺ ነጥብ ነች። ታትሞ ሲመጣ ዓይኑ ራሱ የለም፤ ግማሽ ፊቷ ጥቁር ሆኗል። ሌላ ፎቶ ላይ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው ቀሚስ የደበዘዘ ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ አለ።

ፎቶ ቤቱ ሄድን። «ፋይላችሁ ነው የጨለመው» አሉን፤ በቃ። አንዱን ፋይል ከፍቶ ከወረቀቱ ጋር ለማስተያየት እንኳ ፈቃደኛ የሆነ አልነበረም። እስካሁን ያናድደኛል። ምክንያቱም ፋይሎቹን ያዘጋጀነው እነሱ ራሳቸው በጽሑፍ በሰጡን መመሪያ ነው። መመሪያው «ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይራችሁ አምጡ» ይላል። ሲኤምዋይኬ ግን በአራት የኅትመት ቀለሞች (ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) መጽሔትና ፖስተር ለሚያትም ማሽን ነው። የእነሱ ማሽን ምስሉን የፎቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ወደ ሲኤምዋይኬ ስትቀይሩት መጀመሪያ የሚሞተው ደማቁ ሰማያዊ ነው፤ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። የቀሚሱ ነገር ይኸው ነው።

የጥቁረቱ ምክንያት ሌላ ነው። ስክሪን ከራሱ ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። ብራይትነሱ እላይ በተሰቀለ ስክሪን የተስተካከለ ፎቶ ወረቀት ላይ መጨለሙ አይቀርም። ለኅትመት ለሚሠራ ሰው ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ይበቃል፤ ብዙ ስክሪኖች ከካርቶን ሲወጡ ከዚህ በጣም ይበልጣሉ። በየቀኑ ፎቶ ሲያትም የሚውል ሰው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መመሪያው ላይ መጻፍ ያቅተዋል?

መፍትሔውን ያመጡት በክበባችን በዕድሜ ትልቋ ናቸው። ፊልም በጨለማ ክፍል እያጠቡ የኖሩ ሴት ናቸው። «እኛ ሙሉውን ወረቀት ከማበላሸታችን በፊት ቁራጩን እንሞክር ነበር፤ እናንተ ምን አስቸኮላችሁ?» አሉን። በእሳቸው ጊዜ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ብርሃኑን በየደረጃው ያሳርፉና ትክክለኛውን ይመርጡ ነበር። እኛም የልጅቷን ዓይን ብቻ ቆርጠን፣ ከጨለማው እስከ ፈካው በተለያየ ደረጃ ደርድረን፣ አንድ ትንሽ ወረቀት ላይ በሌላ ፎቶ ቤት አሳተምነው። ነጥቧ የምትታይበትን መረጥን። ከዚያ የስክሪኑን ብራይትነስ ወረቀቱን እስኪመስል ድረስ ዝቅ አደረግነው። ዓውደ ርእዩ ላይ ሰው ያቺን ልጅ አይቶ ሲጠጋ ሳይ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

ባለሙያዎች «መጀመሪያ የካሊብሬሽን መሣሪያ ግዙ» ይላሉ፤ የስክሪኑን ቀለምና ብርሃን ለክቶ የሚያስተካክለውን ማለታቸው ነው። አልስማማም። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ግን ለጀማሪ ክበብ ብራይትነስ መቀነስና ቁራጭ ማሳተም ይቅደም። «ሰፊ ስለሆነ አዶቤ አርጂቢ ተጠቀሙ» የሚለውንም ተዉት፤ አዶቤ አርጂቢ ፋይሉ የትኞቹን ቀለሞች መያዝ እንደሚችል የሚወስን የቀለም ፕሮፋይል ነው። ብዙ ፎቶ ቤት የሚጠብቀው በ1996 የወጣውን ጠበብ ያለ ፕሮፋይል፣ ኤስአርጂቢን ነው፤ ሌላ ስትሰጡት ቀለሙ ፍዝዝ ይላል። መጠኑ ለኤ4 2480 በ3508 ፒክስል ከሆነ ከበቂ በላይ ነው።

ፋይላችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማሽናችሁ የትኛውን የቀለም ፕሮፋይል ይቀበላል? ማሽኑ ፎቶውን በራሱ የሚያስተካክልበትንስ ማጥፋት ይቻላል? ይህ ሁለተኛው ካልጠፋ ማሽኑ ሆን ብላችሁ ያጨለማችሁትን ጥላ ሁሉ ያፈካዋል። መልስ የማይሰጣችሁ ፎቶ ቤት ከሆነ ፍላሽ ዲስካችሁን ይዛችሁ ውጡ።