«ልጆቼን አትበትንብኝ»፦ የተመለሰ ጸሎት ከጅማ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ምስክርነት በጅማ ካሉ እድሮች የአንዱ ነው። ቤተሰቡ ነገሩ እንዲነገር ፈቅደዋል፤ ስማቸው እንዲቀር ስለጠየቁ ግን አንጠራቸውም።

በሐምሌ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር አረፈ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ በኪራይ ቤት ቀሩ፤ ዕዳዋ ያላለቀ ባጃጅም አለች። በሠልስቱ ዕለት ዘመዶች ልጆቹን መከፋፈል ጀምረው ነበር፦ ትልቁ ወደ አጋሮ፣ መካከለኛዋ ወደ ሰቃ፣ ትንሹ ከእናቱ ጋር። እናትየዋ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጆቼን አትበትንብኝ»። ቄሱ ጸለዩ፣ ሙስሊም ጎረቤቶችም ዱዓ አደረጉ፤ እድሩ የሁለቱም ነውና።

መልሱ የመጣበትን መንገድ በዝርዝር የምንጽፈው፣ ገንዘብ ሰብስቦ በአያያዝ የሚያጣው ሰፈር ብዙ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የለቅሶው ወጪና የኑሮው ገንዘብ ተለያዩ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት የእድሩ ናቸው፤ እድሩ በደንቡ የሚከፍለው 15,000 ብር ለቀብሩና ለለቅሶ ደራሹ ዋለ። እዝን በተራ መጣ፣ በቀን ከ8 ቤት። ሥጋ አልገባም፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ለቀስተኛ ባንድ ድንኳን ሲቀመጥ ሁለት ዓይነት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ እጥፍ ወጪ ነው። ንፍሮ፣ ሽሮና ሻይ ሁሉንም ያገናኛል። (ንፍሮ ማሳነስ ያስወቅሳል፤ ሥጋ መተው ማንንም አላስቀየመም።) ለኑሮው የሚሆነው መዋጮ ራሱ ከሰባተኛው ቀን በፊት አልተጀመረም። በለቅሶ መሀል ለሟች ሚስት የተሰጠ ገንዘብ በስኳር፣ በዘይትና ለተዝካር በሚባል በሬ አልቆ አርባው ሳይደርስ ይጠፋል።

ቀጥሎ ጉድለቱ ተጻፈ። የባጃጇ ቀሪ ዕዳ 96,000 ብር፣ የሦስት ወር ኪራይ 7,500፣ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም 9,000፤ ድምር 112,500 ብር። «እንርዳቸው» ሲባል ሰው ኪሱ ውስጥ ያገኘውን 50 ወይም 100 ብር ያወጣል። «ባጃጇ ላይ 96,000 ቀርቷል» ሲባል ግን ቁጭ ብሎ ያሰላል። ዕዳ የተቀበልነው ፊርማና እማኝ ባለበት ወረቀት ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች «በቃል አበድሬዋለሁ» ብለው መጥተው ነበር፤ ወረቀት ሲጠየቁ አልተመለሱም።

ሐምሌ ለጅማ ኪስ ክፉ ወር ነው። የቡና ለቀማ የሚጀምረው በጥቅምት ነው፤ የብዙው ቤት ብር እሱን ይጠብቃል። ስለዚህ መዋጮው በቃል ተመዘገበ፤ ግማሹ ወዲያው፣ ግማሹ በኅዳር። 40 ቤት 500፣ 35 ቤት 1,000፣ 12 ቤት 2,000 ብር ቃል ገቡ፤ 79,000 ብር። ያልቻሉ 5 ቤቶች እንጨት ፈለጡ፣ ውሃ ቀዱ። በስብሰባ ስም ይነበባል እንጂ መጠን አይነበብም፤ መጠን ከተነበበ 500 የሰጠው በሚቀጥለው ለቅሶ አይመጣም። አበዳሪውም በሦስት ጊዜ ክፍያ ተስማማ፦ ነሐሴ 20,000፣ ኅዳር 46,000፣ ጥር 30,000።

ገንዘቡ በባንክ ተቀመጠ፤ ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ካልፈረሙ አይወጣም፣ አንዷ ፈራሚ ሴት ናት። በቴሌብር የላከ ሰው የሚመዘገበው ሒሳቡ ውስጥ መግባቱ በግብይት ቁጥሩ ሲረጋገጥ ነው። የስልክ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፤ ያንኑ ፎቶ ሁለት ሰው ሲልከው አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።

እንዲህም ሆኖ 33,500 ብር ጎደለ። ኮሚቴው ሌላ በር አልነበረውም፤ ጉድለቱም ለማንም አልተነገረም፣ በጸሎት ብቻ ተያዘ። በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት የሟች ተራ ባልደረቦች፣ 41 ሹፌሮች፣ የሐሙስ ገበያ ቀን የሠሩትን ከቤንዚን ወጪው ውጪ ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዘው መጡ። ሲቆጠር 33,950 ብር። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አንዲት ሙስሊም እናት «አልሃምዱሊላህ» ሲሉ ቄሱ «አሜን» አሉ። ትርፉ 450 ብር ለወረቀት ጉዳይ ዋለ።

ወረቀቱ ከገንዘቡ ይብሳል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የሞት ምስክር ወረቀት ሳይያዝ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አይገኝም፣ ያለ እሱ ደግሞ ሊብሬው (የባጃጇ ባለቤትነት ደብተር) አይዞርም። የጋብቻና የልጆች ልደት ማስረጃም ይጠየቃል። እስከዚያ ባጃጇ በሸራ ተሸፍና ቆመች፤ ባትሪዋ እንዳይሞት ገመዱ ተነቀለ።

የባጃጇ ስም ሲዞር ለሹፌር ተሰጠች፤ የቀን ገቢ 400 ብር፣ ቤንዚንና ዘይት የሹፌሩ፣ ጎማና ጥገና የባለቤቷ፣ ሁሉም በጽሑፍ ውል። ከ400ው 100 ለጥገና ይቀመጣል። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው የሞተር ብልሽት ቤተሰቡን እንደገና ወደ ብድር ይወስዳል።

ከኅዳሩ መዋጮ 2,500 ብር ዘግይቶ ጥር ላይ ገባ። በዚያው ወር አበዳሪው «ጨርሻለሁ» ብሎ ፈረመ። ሦስቱም ልጆች አንድ ቤት ያድራሉ። አጋሮ ሊሄድ የነበረው ትልቁ ልጅ ማታ ማታ ባጃጇን ያጥባታል።