ልጅ ሲያተኩሰው እስኪነጋ ይጠበቃል?

ባለፈው ጥቅምት ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ነበርን። የ2 ዓመቱ ልጄ ማታ ላይ ጋለብኝ። ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ ይዤ ስለካው 39.2 አለ። እናቴ «ምች ነው አንች፣ ዳማከሴ ልሽለት» ብላ ጓሮ ወጣች። አልከለከልኳትም፤ ግንባሩን ቀባችው። እኔም ፓራሲታሞል ሽሮፑን በክብደቱ ልክ ሰጥቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፤ ውኃ ይጠጣል፣ ስጠራው ዓይኑን ገልጦ ያየኛል፣ ትኩሳቱ በረድ ሲል ደግሞ ነጠላዬን እየጎተተ ይጫወታል፣ ስለዚህ እስኪነጋ ጠበቅሁ።

ሲነጋ ግን ጤና ጣቢያ በረርን። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በእኛ በኩል የወባ ወቅት ነው። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ያስፈልጋል። ጣቱን ወግተው ጠብታ ደም ወሰዱ። ወባ ነበር! መድኃኒቱን 3 ቀን ሳናቋርጥ ሰጠነው፣ ዳነ።

ሌሊቱን የማልጠብቅበት ጊዜ አለ። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38 ከደረሰ ወዲያውኑ ነው። ትልቁም ቢሆን መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ቀስቅሳችሁት አልነቃ ካለ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሩ። አስፕሪን ለልጅ አትስጡ። በአልኮልም አትሹት። እንጥል ቆራጭ ጋ ደግሞ እባካችሁ አትውሰዱት፤ ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ትኩሳቱም እዚያው ነው።