ሦስት ቦርድ በአንድ ሮቦት ላይ፦ ከፒን ሠንጠረዥ እስከ ከረንት ልኬት

የሠራኋት ሮቦት አሁን በሁለት ጎማ ትሄዳለች፣ አራት ሰርቮ (ወደታዘዘበት ማዕዘን የሚዞር ሞተር) ያለውን ክንዷን ታነሣለች፣ የአልትራሳውንድ ሴንሰሯ ከፊቷ እንቅፋት ሲያገኝም ትቆማለች። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው አርዱዊኖ ኡኖ የተባለ፣ ፕሮግራም የሚጫንበት አንድ ትንሽ ቦርድ ነው። ኡኖ ብቻውን ግን ብዙ አይችልም። ያሉት 14 ዲጂታልና 6 አናሎግ ፒኖች (ሌሎች ክፍሎች የሚገናኙባቸው ነጥቦች)፣ 2 ኪሎባይት የሥራ ማህደረ ትውስታ ብቻ ነው፤ ከአንድ ፒን ያለ ሥጋት የሚወሰደው ከረንትም 20 ሚሊአምፒር ነው። ይህ ኤልኢዲ ለማብራት ይበቃል፤ ሞተር ለማዞር ግን አይታሰብም። ክፍተቱን የሚሞሉት ማስፋፊያ ቦርዶች ናቸው። ከእነርሱ ጋር ስሠራ የደረስሁበትን በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ላካፍል።

ከሁሉ የማስቀድመው፣ አንድ ቦርድ በኡኖ ላይ ልክ መግጠሙ አብሮ ለመሥራቱ ዋስትና አለመሆኑን ነው። አብዛኞቹ ማስፋፊያ ቦርዶች ችሎታ ይጨምራሉ እንጂ ፒን አይጨምሩም፤ እንዲያውም ያለውን ይወስዳሉ። ሁለት ቦርዶች አንድ ፒን ቢሻሙ፣ ደራርበን ስንጭናቸው ምንም ምልክት አይሰጡንም። ስለዚህ ማንኛውንም ቦርድ ከመጫኔ በፊት ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰምራለሁ። በአንድ በኩል ፒኖቹን፣ በሌላው በኩል ቦርዶቹን እጽፋለሁ። በአንድ ፒን ረድፍ ላይ ሁለት ሥራ ከገባ ግጭቱ እዚያው ይታየኛል።

የአርዱዊኖ የሞተር ሺልድ (በኡኖ ላይ የሚሰካ ማስፋፊያ ቦርድ) ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤል298 በተባለው ቺፕ ሁለት ሞተሮችን በሁለቱም አቅጣጫ ያዞራል፤ ለእያንዳንዳቸው እስከ 2 አምፒር ይሰጣል። ለመጀመሪያው ሞተር ፒን 12ን ለአቅጣጫ፣ 3ን ለፍጥነት፣ 9ን ለፍሬን፣ ኤ0ን ለከረንት ልኬት ይይዛል፤ ለሁለተኛው ደግሞ 13ን፣ 11ን፣ 8ንና ኤ1ን። ፒን 0 እና 1 ከኮምፒውተር ጋር ለመነጋገር ስለሚፈለጉ፣ ለእኔ የቀሩልኝ ዲጂታል ፒኖች 2፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 እና 10 ብቻ ናቸው። የርቀት ሴንሰሩን በ2 እና በ4 ላይ አሳርፌዋለሁ።

ሠንጠረዡ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ነግሮኛል። አንደኛው፣ የኤስዲ ካርድ ቦርድ ከዚህ ሺልድ ጋር እንደማይስማማ ነው። ካርዱ የሚነጋገርበት ኤስፒአይ የተባለው የመረጃ መስመር በኡኖ ላይ 11፣ 12 እና 13ን ይጠቀማል፤ ሦስቱም በሞተሮቹ ተይዘዋል። በቦርዱ ጫፍ ያለው ባለ ስድስት ፒን ማገናኛም መውጫ አይሆንም፤ በውስጡ የሚያልፉት እነዚያው መስመሮች ናቸው። ሁለተኛው በፒን ቁጥር ብቻ አይታይም፤ ለዚህም በሠንጠረዤ ላይ የሰዓት ቆጣሪ ረድፍ ጨምሬያለሁ። ድምፅ የሚያወጣው ቶን የተባለው ትእዛዝ የሚጠቀምበት ቆጣሪ የፒን 3 እና 11ን ፍጥነት የሚቆጣጠረውም ነው፤ የድምፅ ማሰሚያው ቡዘር ዜማ ሲያሰማ የሞተሮቹ ፍጥነት ይዛባል። መፍትሔው ድምፁን በራሱ የሚፈጥር ቡዘር ነው፤ እርሱ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ስለሚፈልግ ፒን 7 ላይ በሰላም ይሠራል።

ለክንዱ የመረጥሁት ፒሲኤ9685 ቺፕ ያለበትን ቦርድ ነው፤ እጅግ ወድጄዋለሁ። 16 ሰርቮዎችን ያዝዛል፣ ከኡኖ የሚወስደው ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ ኤ4 እና ኤ5። በእነርሱም ላይ በራሱ አድራሻ ስለሚጠራ ከሌሎች ቦርዶች ጋር ይጋራቸዋል። እያንዳንዱን ዙር በ4096 እርከን ይከፍላል። ሰርቮ በሰከንድ 50 የኤሌክትሪክ ምት ስለሚፈልግ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው፤ ስለዚህ የ1 ሚሊሰከንድ ምት ወደ 205 እርከን፣ የ2 ሚሊሰከንዱ ወደ 410 ይሆናል። የክንዱን ማዕዘን የማስተካክለው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። የሰርቮዎቹ ኃይል ግን በቦርዱ የብሎን ማገናኛ በኩል ከሌላ ምንጭ መግባት አለበት፤ የሁሉም ግራውንድ (የከረንት መመለሻ መስመር) አንድ ላይ መያያዝም ግድ ነው። የኡኖ የ5 ቮልት መስመር ይህን አይሸከምም። በ12 ቮልት ሲመገብና ግማሽ አምፒር ሲወሰድበት፣ በላዩ ላይ ያለው የቮልቴጅ ተቆጣጣሪ 3.5 ዋት ያህል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት፤ ለዚያች ትንሽ ቺፕ ይህ ከባድ ነው።

ኤል298ም ኃይል ይበላል። በ1 አምፒር ላይ በውስጡ ወደ 2.5 ቮልት ስለሚጠፋ፣ ከ7.4 ቮልት ባትሪ ለሞተሩ የሚደርሰው አምስት ያህል ነው። ሞተር ስትመርጡ ከባትሪው ላይ ይህን ቀንሱ።

በጣም ያስደሰተኝ ግን የከረንት ልኬቱ ነው። ሺልዱ በኤ0 እና በኤ1 ላይ ለእያንዳንዱ አምፒር 1.65 ቮልት ያወጣል። ኡኖ 5 ቮልትን በ1024 ስለሚከፍል አንዱ እርከን ወደ 3 ሚሊአምፒር ነው። ሞተር ሲዞር የራሱን ተቃራኒ ቮልቴጅ ያመነጫልና ከረንቱን ይገድባል፤ ጎማው ሲያዝ ግን ያ ቮልቴጅ ይጠፋል፣ ከረንቱም ያሻቅባል። ስለዚህ ሮቦቷ ሴንሰሩ ያላየውን እንቅፋት በጎማዋ ታውቀዋለች! ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ሞተር ሲነሣም ከረንቱ ለአፍታ ያሻቅባልና ፕሮግራሙ ያንን አፍታ ማሳለፍ አለበት። ፍጥነት መቆጣጠሪያው ደግሞ ኃይሉን በቶሎ እያበራና እያጠፋ ስለሆነ አንድ ንባብ አይታመንም፤ ብዙ ንባቦችን ወስዶ አማካያቸውን መያዝ ያስፈልጋል። እኔ የጎማውን መያዝ የሚለየውን ገደብ ያገኘሁት ጎማውን በእጄ ለአጭር ጊዜ ይዤ ንባቡን በመመዝገብ ነው።

አሁን የቀረኝ እነዚህን ንባቦች ኤስዲ ካርድ ላይ መጻፍ ነው፤ ለዚህ 11፣ 12 እና 13 መለቀቅ አለባቸው። በኤ4 እና በኤ5 ብቻ የሚታዘዝ የሞተር ሺልድ አለ። በላዩ ያሉት ቲቢ6612 ቺፖች የሚያባክኑት ቮልቴጅ ከኤል298 እጅግ ያነሰ ነው፣ ያለማቋረጥ የሚሰጡት ከረንት ግን በአንድ ሞተር 1.2 አምፒር ነው። ሥራውን የሚያከፋፍለው የራሱ ፒሲኤ9685 ነው፤ አድራሻው ከክንዱ ቦርድ የተለየ ስለሆነ ሁለቱ አይጋጩም። እርሱን ብወስድ ፒኖቹ ይለቀቁልኛል፣ የከረንት ልኬቱን ግን አጣለሁ። ሌላው አማራጭ ያለውን ሺልድ ይዞ፣ በ11፣ 12 እና 13 የሚገቡትን ሦስት እግሮቹን ወደ ውጭ አጥፎ በሽቦ ወደ 5፣ 6 እና 7 ማዞር ነው። ያኔ ቡዘሩ ወደ 10 ይሄድና ለካርዱ መምረጫ ፒን ኤ2 ይቀራል። በወረቀት ላይ ሁሉም ይገጥማል። እግር አጥፎ ይህን የሞከረ ካለ፣ ግንኙነቱ ሮቦቱ ሲንቀጠቀጥ ጸንቶለት እንደሆነ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።