ከኢሴ መልስ

ሰሞኑን ሆድ ብሶኛል። ምን ሆነሽ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ያቺ ልጅ (ታውቋታላችሁ፣ ዝም ማለት አትችልም) እሑድ ጠዋት "ተነሺ!" ብላ እዚሁ ጃፓን፣ ከናጎያ ባቡር ላይ አሳፍራ ኢሴ ወሰደችኝ።

በሺንቶ፣ በጃፓኖቹ ነባር እምነት፣ ከኢሴ የሚበልጥ መቅደስ የለም። የፀሐይዋ አምላክ የአማተራሱ ቤት ነው። ታሪኩ ከ1300 ዓመት በላይ ነው ስለተባልኩ የጠቆረ፣ የጎበጠ ነገር ጠብቄ ነበር። የሚታየው ግን አጥር በአጥር ላይ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ነጭ መጋረጃ። ነፋስ ገለጥ ሲያደርገው ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል፣ እኔም አሰገግኩ። ውስጥ ያለውን ቅዱስ መስተዋት ምእመኑ አያየውም። ታቦት ሲወጣ ተሸፍኖ እያየን ላደግን ሰዎች ይሄ ብርቅ አይደለም።

ብርቁ፣ ቤቱ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል! በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ እንደ አዲስ ይሠራል፣ አሮጌው ይፈርሳል። የመጨረሻው በፈረንጆቹ 2013 ነበር፣ ቀጣዩ በ2033 ነው። ተራውን የሚጠብቀው ቦታ ጠጠር ብቻ ተነጥፎበታል፤ መሀሉ ላይ የዶሮ ቤት የምታህል የእንጨት ዳስ አለች። ለምን 20 ዓመት? ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አናጺው በ20ዎቹ እየተላላከ ያያል፣ በ40ዎቹ ራሱ ይሠራል፣ በ60ዎቹ ቆሞ ያሳያል።

በቃ፣ እዚህ ላይ የእማዬ ድፎ ዳቦ መጣብኝ። ኮባውን እንዴት እንደምትደራርበው፣ ከላይም ከታችም እሳቱን እንዴት እንደምትመጥነው ልጅ ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ማየት ብቻ። አሁን እሷ ጉልበቷ ደክሟል፣ ለበዓል ከዳቦ ቤት ይገዛል፣ እኔ ደግሞ አርባን እየተጠጋሁ አንድ ቀን ሊጥ አቡክቼ አላውቅም።

የኢሴም ሥራ በጦርነት ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ተቋርጦ ነበር አሉ። ያኔ የቀድሞውን ሲሠራ ያየ አንድ ሰው እንኳ በሕይወት አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ ከየት ጀመሩት?

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ።

"ዱቄቱ ስንት ኪሎ ነው?"

"እንደ እንግዳው ብዛት ነዋ።"

"ውሃውስ?"

"እስኪበቃው!"

እሺ። ናጎያ ውስጥ ኮባ ከየት ይመጣል? የሙዝ ቅጠል ይሆን ይሆን? ኧረ ቆይ፣ መጀመሪያ ዱቄት ልግዛ።